ያልዞረው ቁልፍ

ቁልፉን ከተትኩት፤ ገባ። ላዞረው ሞከርኩ፤ አልዞረም።

ከሰቆጣ የተመለስኩት በዚያው ጠዋት ነበር። እህቴ ልጇን ክርስትና አስነስታ ስበላ ስጠጣ ከረምኩና፣ ዓሣ ነጋዴው በረዶ ጭኖ በሚወርድበት ፒክአፕ ወደ አበርገሌ ቆላ ወረድኩ። የተከዜ ውሃ በግድቡ ተይዞ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ እኔና ጓደኞቼ የምንኖረው ዓሣ እያሰገርን ነው። ሞተር ያለው ጀልባችን አንድ ብቻ ነው፤ ነጂው እኔ ነኝ፤ ቁልፉም ከኪሴ አይለይም። መረባችንን ጓደኞቼ በመቅዘፊያ ሄደው ማዶ ገደሉ ሥር ጥለውት አድሯል። በዚያ ሙቀት ዓሣ መረብ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል።

“ዝጎ ነው” አለ አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ፤ ነገር ሁሉ በዘይት ይድናል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ዘይት ጠብ አደረገበት። አልዞረም።

“ሲገባ ያልዛገ ሲዞር ይዝጋል እንዴ?” አልኩት።

“እኔ ምን አውቃለሁ? ነጂው አንተ!”

ቁልፉን አውጥቼ አየሁት። እጀታው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ትንሽ ቀይ ክር የታሰረበት። የኔ ቁልፍ ክር ነበረው? ነበረው አልኩ። ጓደኛዬ አልነበረውም አለ። ክር የነበረው የድሮው ሞተር ቁልፍ ነው አለ። እኔ ደግሞ የድሮው ሞተር ቁልፍ እንዳልነበረው፣ በገመድ ብቻ ይነሳ እንደነበር አስታወስኩት። ዓመት ሙሉ በእጄ የያዝኩትን ነገር መልኩን እንደማላውቅ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሐይቁ ዳር ኔትወርክ የለም። ጉብታው ላይ ወጥቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

“ቤትሽ ቁልፍ ወድቆ አላገኘሽም?”

“የምን ቁልፍ?”

“የጀልባ።”

ስልኩን እናታችን ተቀበለቻት። “ጀልባ በር አለው እንዴ ልጄ?”

“የለውም እማዬ፤ ሞተሩን ማስነሻ ነው።”

“ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር ደግሞ ማን ይሰርቀዋል ብላችሁ ነው የምትቆልፉት?”

እህቴ መልሳ ስልኩን ወሰደች። ቤቱን ሁለቴ ጠርጋለች፤ ከድግሱ የተረፈ ቡሽ እንጂ ቁልፍ አላየችም።

“ቆይ፣ በእጅህ ምንም ቁልፍ የለም?” አለችኝ።

“አለ። ግን የኔ አይደለም መሰለኝ።”

“ታዲያ የማን ነው?”

እውነትም የማን ነው? የኔ ጠፋ ብዬ ስጨነቅ፣ የያዝኩት የሌላ ሰው ጠፍቶበት ሊሆን እንደሚችል ጨርሶ አላሰብኩም ነበር።

ጓደኞቼ በመቅዘፊያ የሚችሉትን ያህል መረብ ሊያነሱ ቀሩ፤ እኔ በዚያው ፒክአፕ ሽቅብ ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ። እህቴ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ስታስበው ውላለች። በክርስትናው ዕለት የባሏ ታናሽ ወንድም ቄሶቹን በባጃጁ አምጥቶ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ነው፣ መስኮቱ ሥር፤ እኔም እሱም ስልካችንን እዚያ ሰክተን፣ ቁልፋችንን እዚያው መስኮት ላይ አስቀምጠን ነበር።

“ባጃጁ ተበላሽቶበታል” አለች።

ሄድን። ባጃጁን ደጁ ላይ አቁሞ በሸራ አልብሶታል።

“ምን ሆነብህ?” አልኩት።

“ምኑን አውቄው ወንድሜ! ቄሶቹን አድርሼ አቆምኩት፤ በነጋታው ቁልፉ ገባ፣ አልዞር አለ።”

“የኔም!”

ተያየን። ኪሱን ዳበሰና የኔን ቁልፍ አወጣ። እውነትም ክር አልነበረውም። ደስ ሊለኝ ሲል የቁልፉን ጥርስ አየሁት፤ ልሙጥ ሆኗል።

“እንዲገጥም ብዬ ሞረድኩት” አለ ቀስ ብሎ።

ሲሞረድም እንቢ ሲለው፣ ብልሽቱ ከቁልፉ ቤት ነው ብሎ እሱኑ ነቅሎ አዲስ ገዝቶ ገጥሟል። አሮጌው የቁልፍ ቤት ቆርቆሮ ውስጥ ተጥሏል። አነሳሁትና ኪሴ ውስጥ የነበረውን ባለ ቀይ ክር ቁልፍ ከተትኩበት። ጠቅ ብሎ ዞረ።

“ታዲያ አልተበላሸም ነበር?” አለ።

“አልተበላሸም።”

“ለምን ነቀልኩት ታዲያ?”

ማን ቀድሞ አነሳ በሚለው ትንሽ ተከራከርን። እሱ “ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ” ይላል፤ ከምሳ በኋላ ቄሶቹን ሊመልስ ቀድሞ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ልደውል ስልኬን ነቅዬ ወጥቼ እንደተመለስኩ አስታውሳለሁ፤ ቁልፉን ያኔ ማንሳቴን ግን አላውቅም። እህቴ ሰለቻት። እስካሁንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ያን አሮጌ የቁልፍ ቤት በእጁ እያገላበጠ ቆየና “ይሄ ጀልባህ ላይ አይሠራም?” አለኝ።

“የባጃጅ እኮ ነው!”

“ሽቦ ሽቦ ነው።”

በነጋታው አብሮኝ ወረደ። ሐይቁን አይቶት አያውቅም ነበር፤ ከፒክአፑ ወርዶ ውሃውን በእጁ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ተንበርክኮ የኔን የቁልፍ ቤት ፈታ፣ የባጃጁን አሮጌ የቁልፍ ቤት ሽቦዎች በጥርሱ ላጠ፣ አገናኘ። ይሄኛውም ሞተር ቁልፉ ከተከፈተ በኋላ በገመድ ነው የሚነሳው፤ ቁልፉን ከፈትኩና ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ሳብኩ። ዝም። ተስፋ ቆርጬ ቁልፉን ዘጋሁት፤ ጓደኛዬ ደግሞ መዝጋቴን ሳያይ ገመዱን ሳበው፤ ሞተሩ ተነሳ። ከፈትኩት፤ ጠፋ።

“ሲዘጋ ይነሳል፣ ሲከፈት ይጠፋል” አለ ጓደኛዬ። “እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።”

የባጃጁ ነጂ ሽቦዎቹን እያየ ከንፈሩን ነከሰ። “ልፍታው እንዴ?”

“አትንካው!” አልነው ሁለታችንም በአንድ አፍ።

እንደዚያው ሄድን። እሱ መሃል ተቀምጦ የጀልባዋን ግራና ቀኝ ጨምድዶ ይዟል፤ ዓይኑን ከቁልፉ ላይ አላነሳም። ገደሉ ሥር ስንደርስ የቀረውን መረብ ጎተትነው። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አብዛኛው አብጦ ተነፍቷል፤ ለወፎቹ ጣልነው። አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ግን ጠንካሮች ናቸው፤ ጥቂቶቹ ጀልባዋ ወለል ላይ ሲወራጩ ባለባጃጁ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ ጮኸ። ትልቁን መረጥንለትና ለቤቱ ይዞት እንዲገባ በበረዶ አድርገን በማዳበሪያ ቋጠርንለት።