ጨው የተጠቀለለበት ጀግና

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ግን በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ ውስጥ ፍርሃት ጠባይ አልነበረም፤ እንደ ወባ ኪኒን በሰዓቱ የሚዋጥ ነገር ነበር። እኔ የራሴን ብቻ ሳይሆን የባሌንና የልጆቼንም ድርሻ እውጥ ነበር።

ያኔ ሲቀላ ሰፈር፣ ገበያው ዳር እንኖር ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ጨውና በርበሬ በወረቀት እየጠቀለለ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የተመለሱ የውጭ መሐንዲሶች ትተውት የሄዱትን አንድ ሳጥን አሮጌ መጽሔት ገዛ። መጽሔቱ በሥዕል የሚነገር ተረት ነው። ገጹ እንደ መስኮት በአራት ማዕዘን ተከፋፍሎ፣ የሰዎቹ ንግግር ከአናታቸው በላይ በነጭ ክብ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ባለሱቁ ተረቱ ምኑም አይደለም። አንዱን ገጽ ይገነጥልና ጠቅልሎ ጨው ይሞላበታል።

የመጀመሪያው ገጽ ቤቴ የገባው ሩብ ኪሎ ጨው ይዞ ነው። ጨዉን ገልብጬ ወረቀቱን ሳራግፈው፣ ፊቱን በጭንብል የሸፈነ፣ አረንጓዴ ካባ የደረበ ሰውዬ ድልድይ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል፤ በላዩ አውቶቡስ ያልፋል። ወረቀት አይጣልም። ከሐይቁ በኩል ነፋስ በሚገባበት ግድግዳ ላይ በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት። ድልድይ የቻለ ነፋስ አያቅተውም ብዬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጥጥ ለመፍተል ሁለት ጓደኞቼ ይመጣሉ። አንዷ ከጨንቻ የወረደች የሸማኔ ሚስት ናት፤ ምላሷ ከእንዝርቷ ይፈጥናል። ሌላዋ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ድሬሰር ናት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ስለተማረች እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ ሥዕሉን ግን ከሁለቱም ቀድሜ እጨርስ ነበር።

ንባባችን በዚህ መልክ ተጀመረ። ችግሩ ታሪኩ የሚመጣልን በገጽ ቁጥር ሳይሆን በጨው ተራ መሆኑ ነው። ቁስሉን ካየን በኋላ ነው ጦርነቱን ያየነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ሲቀበር አልቅሰን፣ በሳምንቱ እራት ሲበላ አገኘነው።

«ይኼን ሰውዬ ቀብረነው አልነበር እንዴ?» አለች የጨንቻዋ።

«ይሄኛው ገጽ ከመሞቱ በፊት ነው» አለች ድሬሰሯ።

«ታዲያ ምን ዝም ያሰኘናል? ንገሪው እንጂ!»

ቀስ በቀስ ታሪኩ ገባን። ሰውየው ቀን ቀን ፖስታ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ሲመታ ይውላል። ሲመሽ ጭንብሉን አጥልቆ፣ ካባውን ደርቦ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ የተበደለ ይረዳል። ሚስቱ ይህን አታውቅም። አንድ እጁ ብረት የሆነ ጠላት አለው፤ የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ አሁን የከተማውን ውኃ ዘግቶ ሕዝቡን ማስጨነቅ ይፈልጋል።

የጨንቻዋ ድልድዩን ስለመሸከሙ አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። ያስጨነቃት ሌላ ነበር።

«ሚስቱ አታውቅም ትሉኛላችሁ። ያንን ካባ ማን ነው የሚያጥበው?»

«ራሱ ያጥብ ይሆናል።»

«ወንድ? ኧረ እሱስ ተረት ነው!»

እኔ ደግሞ እናቱን እፈልግ ነበር። በዚያ ሁሉ ገጽ እናቱ አንድ ጊዜ እንኳ ብቅ አላለችም። ልጇ በየማታው ጣሪያ ላይ ሲዘል እሷ የት ሆና ነው? በዚያ ብርድ ያለ ሹራብ ሲወጣ እያየች ዝም የምትል እናት የት አገር አለች?

ጨው መግዛት አበዛን። ባሌ የጨው ማስቀመጫውን አይቶ «ላም ልትገዢ ነው እንዴ?» አለኝ። የጨንቻዋማ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትመርጥ ጀመር። «ጋሼ፣ ይቺን አይቻታለሁ፤ ባለ ብረት እጁ ያለበትን ያርጉልኝ።» ባለሱቁ መጀመሪያ «እኔ የምሸጠው ጨው ነው» ብሎ ተቆጣ። በኋላ ሲገባው፣ ጥሩ ድብድብ ያለበት ገጽ ሲሆን ጨዉን ያሳንስ ጀመር።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ ብያለሁ። ስለዚህ ሁለት ደንብ አወጣሁ። አንደኛው፣ ስንፈትል በሩ አይዘጋም። የድሬሰሯ ጸሎት ቤት በዚያ ጊዜ ታሽጎ ስለነበር፣ እሷ ያለችበት ዝግ ቤት ሁሉ የተደበቀ ጸሎት ይመስላል። ሁለተኛው፣ ከቤት ውጭ መጽሔት የሚል ቃል፣ የፈረንጅ ተረት የሚል ቃል አይነሳም። የኢምፔሪያሊስት ወረቀት ታነባላችሁ ብንባልስ? ማንሳት ግድ ከሆነ «ሰውየው» እንላለን፤ በቃ። በዚህ ደንቤ በጣም እኮራ ነበር።

አንድ ጠዋት ቦኖው ጋ ውኃ ልንቀዳ ተሰልፈናል።

«እህ፣ ሰውየውስ?» አለች የጨንቻዋ።

«ትናንት ማታም ወጥቶ ነበር» አለች ድሬሰሯ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማንም አልጠረጠረ?»

«ማን ይጠረጥረዋል! ቀን ቢሮው ቁጭ ብሎ ማኅተሙን ሲመታ ነው የሚውለው።»

«ውኃውስ?»

«ነገሩ ሁሉ ውኃው ከመዘጋቱ በፊት ማለቅ አለበት።»

«ዝም በሉ፣ ሰው ይሰማል!» አልኳቸው እኔ።

የእነሱ ንግግር እንኳ በወሬነቱ ሊያልፍ ይችል ነበር። ነገሩን ያከበደው የእኔ ጥንቃቄ ነው። ምክንያቱም ከኋላችን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ፣ ባልዲውን ይዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ቀን ሌላ ማታ ሌላ የሆነ ሰው፣ ምስጢሩን የሚጠብቁ ሴቶች፣ የከተማ ውኃ! ለእንዲህ ያለ ቀን ነው ያሠለጠኑት።

ቀሪውን ራሱ አሰላው። ከሰፈሩ ሰው ቢሮ ተቀምጦ ማኅተም የሚመታ ማን ነው? የበኩር ልጄ ነው። ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ ማታ ትምህርት አለውና አምሽቶ ይገባል። ዝምታውንም ማምሸቱንም ያስለመድኩት እኔው ነኝ፤ ዝም በል፣ ተማር እያልኩ።

ሐሙስ ዕለት ልጄን ከሥራው ጠርተው ቀበሌ እንዳስገቡት ሰማሁ። «ለጥያቄ» ነው አሉ። በዚያ ጊዜ ለጥያቄ ተብሎ ሄዶ በዚያው የቀረ ልጅ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሮጥኩ። ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የጫማውን ክር አስፈትተውታል። የጫማ ክር የሚያስፈቱት ለሚያድር ሰው ነው።

«ጓዲት» አለ ሊቀመንበሩ፣ «አጭር መልስ ነው የምንፈልገው። ሰውየው የት ነው?»

«የቱ ሰውዬ፣ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ማታ ማታ የሚወጣው። ማኅተም የሚመታው። ውኃውን የሚመለከተው!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጄ ዓይን ዓይኔን ያያል። እሱ እነዚያን ወረቀቶች «የሕፃን ነገር» እያለ ዞር ብሎም አይቷቸው አያውቅም ነበር።

«ግድግዳዬ ላይ ነው ያለው» አልኩ።

«ግድግዳሽ ውስጥ ደብቀሽው ነው?»

«ኧረ በማርያም! ውስጥ አይደለም፣ ላይ ነው። በሙጫ ለጥፌው ነው።»

ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ።

ሁላችንም ወደ ቤቴ ሄድን። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ጥበቃው ከኋላ፣ በመካከል ልጄ ጫማውን እየጎተተ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ፣ የገረሴ ደጋ ሰው፣ አብረው መጡ። የጨንቻዋም እንዝርቷን እንደያዘች ተከተለችን። ጥበቃው ቤቱን ከበበ፤ አንድ ሰው አንድ ክፍል ቤት ሲከብ ማየት ነበር። ከዚያ ገብተው ግድግዳው ፊት ቆሙ።

ሊቀመንበሩ በየስብሰባው የውጭ አገር መጽሐፍ እያነበበ እንደሚያድር ይነግረን ስለነበር፣ አሁን እንግሊዝኛ አላውቅም ማለት አልሆነለትም። እጁን ከኋላው አጣምሮ ብዙ ተመለከተና «ተጠርጣሪው ራሱ ያስረዳ» አለ።

ልጄ በማታው ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ደርሷል። መተርጎም ጀመረ።

«መደቡ ምንድን ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነው፣ ጓድ። ወዝአደር ማለት ይቻላል።»

«ለማታው ሥራ ይከፈለዋል?»

«ምንም አይከፈለውም።»

ሊቀመንበሩ ወደ ጥበቃው ዞረ። «ሰማህ? አንተ የውሎ አበል ትለኛለህ!»

ሽማግሌው ባለ ብረት እጁን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። «ይሄኛው ምን በድሎት ነው?»

«የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው፣ አባቴ። ተጣልተው ነው።»

«ታዲያ እንደኛ አገር እርጥብ ሣር ይዞ ሊያስታርቅ መሃላቸው የሚገባ አንድ ሽማግሌ በዚያ አገር ጠፋ?»

«ጓድ አባት፣ የመደብ ጠላት በሣር አይታረቅም!» አለ ሊቀመንበሩ።

«በቡጢስ መች ታረቀ? ይኸው ግድግዳውን እስኪጨርሱ ይማታሉ።»

ታች ጥግ ላይ አንድ ገጽ ዘቅዝቄ ለጥፌአለሁ፤ ጥበቃው እሱን ለማየት ጎንበስ ብሎ አንገቱን አጣመመ። ባለ ብረት እጁ የውኃውን መዝጊያ ይዞ ሊያዞር ነው። ሰውየው ከሥሩ በአንድ እጁ ተንጠልጥሏል።

«ከዚያስ?» አለ ጥበቃው።

«ከዚያ የለም» አልኩት።

«እንዴት የለም?»

«ገና ባለሱቁ ጋ ነዋ። ወይም ለሌላ ሰው ጨው ሸጦበታል።»

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲያው ምርመራው አልተሟላም። መጨረሻው ሳይታወቅ አቋም መያዝ አይቻልም። ቀሪው ገጽ እስኪገኝ ልጁ በቁጥጥር ሥር ይቆያል።»

ቀሪው ገጽ! በርበሬ ተጠቅልሎበት ምድጃ ገብቶ እንደሆነስ? ልጄ በአንድ ሩብ ኪሎ ጨው የተነሳ ዕድሜውን ሊጨርስ ነው? እንዴት እንደደፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕድሜ ልኬን የዋጥኩት ፍርሃት በዚያች ደቂቃ አለቀ መሰለኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «እሱን አስራችሁ ገጹ የተገኘ ቀን ማን ሊያነብላችሁ ነው?»

ሽማግሌው በከዘራቸው ላይ ተደግፈው ሳቁ። የጨንቻዋ እንዝርቷን አሽከረከረች። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን፣ ከዚያ ልጄን፣ ከዚያ እንደገና የተንጠለጠለውን ሰውዬ አየ።

«ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» አለ በመጨረሻ፣ «ልጁ በቤቱ ይቆይ። ገጹ ሲገኝ ግን ቀርቦ ያስረዳል።» ሲወጣ ደግሞ ግድግዳው በአብዮታዊ ሥዕል እንዲሸፈን አዘዘና የምርት ዘመቻ ፖስተሮች ላከልኝ። ለጠፍኳቸው፤ ግን በጥንቃቄ፣ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ነው ሙጫ የቀባሁት። እንደ መጋረጃ ይገለጣሉ።

ቅዳሜ ጥበቃው ያለ ጠመንጃ መጣ። የልጄን የጫማ ክር በአንድ እጁ ይዟል። በሌላው እጁ አንድ ገጽ አለ፤ ጨዉን ቆቡ ውስጥ ገልብጦታል።

«እናት፣ ልጁ አለ?»

ገጹን ልጄ ጉልበት ላይ ዘረጋው። ድልድይ የለም፣ ካባ የለም፣ ባለ ብረት እጅ የለም። ከዳር እስከ ዳር ሰውየው ፖስታ ቤት ተቀምጦ ማኅተም ይመታል።

«ውኃውስ?» አለ ጥበቃው፣ ልቡ ተሰብሮ። «ይሄ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«አይታወቅም» አለ ልጄ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። አራተኛ ክፍል ለዚህ ይበቃል።

«በኋላ ነው» አልኳቸው። «እጁን እዩት፤ ተንጠልጥሎበት የነበረው በፋሻ ተጠቅልሏል። ተርፎ ሥራ ገብቷል።»

ጥበቃው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ቆቡን ሊያጠልቅ ብድግ ሲል ነው ጨዉ ትዝ ያለው።

ሰኞ ጠዋት ልጄ የጫማውን ክር አሥሮ ወደ ሴቻ ሊወጣ ተነሳ። እስከ መንገዱ ሸኘሁትና፣ ማንም እንዳይሰማ በጆሮው «ማኅተሙን ቀስ እያልክ ምታ» አልኩት።