የክሩ ቀለም

ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ግን የሥራ ቦታ እንዴት እንደሚበላሽ ዲግሪ ካለው ሰው የተሻለ አውቃለሁ፣ ሲበላሽ ውስጡ ነበርኩ። እዚሁ ጭሮ፣ ጫት ማሸጊያ ቤት።

በፊት የነበሩት አለቃ ሽማግሌ ናቸው። ጫት እርጥብ እንደሆነ ከታሰረ ሙቀት ይዞት ይጠቁራል፣ ገዢ ጋ ሲደርስ ይጣላል። በሳቸው ጊዜ ሳያራግፍ ያሰረ ሰው ራሱ "የኔ ነው" ይላል፣ ሁላችንም ተረባርበን እንፈታለን፣ እናራግፋለን፣ እንደገና እናስራለን። ስድቡ አይቀርም። "ዓይንህን ገለምሶ ከተማ ረስተኸው መጣህ እንዴ?" እንባባላለን። ከዚያ በቃ፣ አለቀ።

ሽማግሌው ሲደክማቸው ቤታቸው ገቡ፣ የማሸጊያ ቤቱ ባለቤት የእህት ልጅ ኃላፊ ሆነ። መጀመሪያ የሠራው ክር ማደል ነው። ለያንዳንዱ አሳሪ የራሱ ቀለም። ጥፋት ሲገኝ ባለቀለሙ ይባረራል። ግድግዳው ላይ ደግሞ "እኛ አንድ ቤተሰብ ነን" የሚል ወረቀት ለጠፈ። በሳምንቱ ቤቱ ዝም አለ። የተሳሳተ ሰው እስሩን ከክምሩ ሥር መቅበር ጀመረ። ሰው "አጠፋሁ" ሲል ምን እንደሚገጥመው ነው አንድን ቤት የሚያሞቀው ወይ የሚያቀዘቅዘው። ወረቀቱ ጌጥ ነው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ቀይ ክር ደረሳት። እንደ እናት ሁላችንም አዴ ነው የምንላት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿን በዚህ ሥራ ነው የምታሳድገው። ዓይኗ ስለደከመ ከዚህ ከወጣች ሌላ የሚቀጥራት የለም፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን ከበደሳ የመጣውን ጫት ዝናብ መትቶታል። መሀል ላይ የኔ ሰማያዊ ክር አለቀ። ኃላፊውን ብጠይቀው "ታባክናለህ" ብሎ ይጮህብኛል።

"ከኔ ውሰድ" አለችኝ።

"አዴ፣ ጣጣ ያመጣብሻል።"

"አፍህን ዝጋና እሰር። መኪናው ቆሟል።"

አሰርኩ። ቸኩዬ፣ ሳላራግፍ።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ከገዢ የተመለሰ፣ የጠቆረ እስር ይዞ መጣ። ክሩ ቀይ ነው።

"ይሄ ያንቺ ነው?" አላት።

እስሩን አገላብጣ አየችው። ግራኝ ስለሆንኩ ቋጠሮዬ ይለያል፣ ታውቀዋለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጠበቀችኝ። የኔ ምላስ ሰፈሩ በሙሉ የሚፈራው ምላስ ነው፣ ያን ጠዋት ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ክሩ የኔ ነው" አለች። ሻርፗን አንስታ ወጣች።

ለምሳ ወጣሁ። ተመልሼ ኃላፊው ፊት ቆምኩ።

"ያሰርኩት እኔ ነኝ። እሷን መልሳት፣ እኔን አባርረኝ።"

ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፣ "ክር ታውሳለች ማለት ነዋ። እሱ ደግሞ የባሰ ነው። አንተ እጅህ ፈጣን ነው፣ ሂድ ሥራህን ሥራ" አለኝ።

ክሬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ወጣሁ። በቀጥታ ቤቷ ሄድኩ። ደጃፏ ላይ ማሽላ ታበጥራለች።

"ነገርኩት አዴ። ወላሂ ነገርኩት። ሥራውንም ትቼው መጣሁ።"

"መቼ ነገርከው?"

"ከምሳ በኋላ።"

"እኔን የጠየቀኝ ጠዋት ነበር" አለች።

ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። ተቀመጥም ሂድም አላለችኝም።