ቡልቡላ ላይ የከረመችው ጀልባ

ልጅ እያለሁ፣ ለአንድ ዓመት ያህል እናቴና አባቴ የሚነጋገሩት በእኔ አፍ ነበር። እናቴ ድስቱን ከምድጃው አውርዳ «ምሳ ደርሷል በያቸው» ትለኛለች። አባቴ እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማታል። እኔ ዞር እልና «ምሳ ደርሷል» እለዋለሁ፤ እሱም «መጣሁ በያት» ይላል። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በሌላ ሰው ቤት እንዲህ እንደማይደረግ አላውቅም ነበር።

የምንኖረው አዳማ፣ ኋላ ናዝሬት በተባለው ከተማ ነው። ያኔ ከተማው ከባቡር ጣቢያው፣ ከጥቂት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ከቁልቋል አጥርና ከአቧራው አያልፍም። አባቴ ደምሴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር። ሐዲድ ሲበላሽ ወደ አዋሽ በረሃ ይወርዳል፤ ሲመለስ ልብሱ ቅባትና ከሰል ይሸታል። ገና ያልተራመደው ታናሽ ወንድሜ በኩፍኝ የሞተ ጊዜም እዚያው በረሃ ነበር። መልክተኛ ተላከበት። ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አባቴ ቤት የደረሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ነው። እናቴ አስካለ አልጮኸችበትም፣ አልረገመችውም። እሱን ማናገር ብቻ ተወች።

ሽማግሌዎች ገቡ። እናቴ ምክራቸውን በትሕትና ሰምታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እስከ በር ሸኝታቸው ተመልሳ ዝም አለች። ክረምቱ ሲወጣ ወደ ወላጆቿ አገር ወደ ቡልጋ ልትሄድ መቁረጧን የሰማሁት ጎረቤቶች ሲያወሩ ነው። እኔ ከማን ጋር እንደምቀር ገና አልተወሰነም ነበር።

አባቴ አንድ አርመን ወዳጅ ነበረው፤ ሙሴ ካራቤት የሚባል አናጢ። ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ሙሴ ካራቤት አማርኛ ይችላል፣ ግን ቃል ይዘላል፣ ወንድና ሴትም አይለይም፤ አባቴን «አንቺ»፣ እናቴን «አንተ» ይላል፤ ማንም አይቀየመውም። ቱርክ አገር ዘመዶቹን በሙሉ አጥቶ እንደመጣ ይወራ ነበር። እሱ ግን ስለዚያ አያነሣም። ይህ ሰው ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ቡልቡላ ወንዝ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ፣ አንድ ጀልባ ሠርቶ ነበር። ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፤ መሃሏ ላይ በደንገል የተከደነች አንዲት ክፍል አለቻት። ምን ልታደርግለት እንደሠራት የሚያውቅ የለም። «ሁላችሁም ኑ፣ እዚያ ሰንብቱ» አለን። አባቴ የአንድ ወር ፈቃድ ጠየቀ። እናቴ ለምን እሺ እንዳለች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ለቅሶ ደራሹ ሰልችቷት ይሆናል።

በሞጆ በኩል በበቅሎ ሄድን። መቂን ስንሻገር ወንዙ ገና ከክረምቱ አልጎደለም ነበርና እኔን አባቴ በትከሻው አሻገረኝ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው፤ እርጥብ ጭቃ፣ ቄጠማና ዓሣ አንድ ላይ። እናቴ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። በሦስተኛው ቀን ግን ነጠላውን ረስታው ነበር።

የቡልቡላ ውሃ የሚሄድ አይመስልም። አባቴና ሙሴ ካራቤት ረጃጅም እንጨት ይዘው ከሥር መሬቱን እየገፉ ጀልባዋን ያስኬዷታል፤ ሲደክማቸው ይተዉታል፤ ሲተዉትም የተለወጠ ነገር የለም። ጠዋት ያደርንበት ግራር ምሳ ስንበላ ገና ከኋላችን ቆሞ ይታያል። አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያየን ይውላል። ከብት የሚያጠጡ ልጆች በዳር በዳሩ እየተከተሉ «ቆጫ! ቆጫ!» እያሉ ይጮኹብናል፤ በኦሮምኛ ኤሊ ማለት ነው። እነሱ በእግራቸው ቀድመውን ሄደው፣ ተጫውተው፣ ተመልሰው ያገኙናል። እናቶቻቸው በጮጮ ወተት ያመጡልን ነበር። እናቴ «ገለቶማ» ብላ ማመስገን ተማረች፤ ከእኔ ሌላ ሰው በፈቃዷ ስታናግር ካየሁ ቆይቼ ስለነበር ገረመኝ።

በጀልባዋ ላይ እናቴ ከፊት ትቀመጣለች፣ አባቴ ከኋላ። እኔ በመካከል እመላለሳለሁ። አዳማ ቢሆን ኩርፊያ ሲከብድ አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ጎረቤት ይወጣል። እዚህ መውጫ አልነበረም። «ፀሐይ ላይ አትቀመጥ በያት» ይላል አባቴ። «ፀሐዩ ተስማምቶኛል በያቸው» ትላለች እናቴ። አንዱ የሌላውን ይሰማል፤ ሙሴ ካራቤትም ይሰማል፤ በዳር የሚሄዱት ልጆች አማርኛ የሚያውቁ ከሆነ እነሱም ሳይሰሙ አይቀሩም።

አንድ ቀን ጉማሬዎች ካሉበት ጥልቅ ውሃ ራቅ ብለን ቆምን። ጉማሬ ሲያጓራ ደረት ውስጥ ይገባል። እኔም እንደነሱ ለማጓራት ስጮኽ ዋልኩ። በማግሥቱ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ቃል የሚባል ከአፌ አልወጣ አለ። እናቴ ማር በሞቀ ውሃ በጥብጣ አጠጥታኝ ከጣሪያው ሥር አስተኛችኝ።

ምሳ ደረሰ። እናቴ ልክ እንደ ልማዷ ወደ እኔ ዞራ «በያቸው» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ሌላ ስታጣ አናጢውን ጠራችው።

«ሙሴ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው በሉልኝ።»

ሙሴ ካራቤት ሥራ በማግኘቱ ደስ ብሎት ወደ ኋላ ዞረና በሙሉ ድምፁ ጮኸ፤ «ደምሴ! ቶሎ ነይ! ሚስትሽ ቀዝቅዟል!»

አባቴ ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለ። «ዓመት ሊሆነው ነው።»

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መጀመሪያ ሳቅ መስሎኝ እኔም ያለድምፅ ሳቅኩ፤ ሳቅም ነበር። ወዲያው ግን ለቅሶ ሆነ። እንባዋን ሳትጠርግ ፊቷን ወደ አባቴ መለሰች።

«ያን ቀን የት ነበርክ?»

እናቴ ካገባችው ጀምሮ አባቴን አንቱ ነበር የምትለው፤ የዚያን ጊዜ ሚስቶች ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። «ነበርክ» ስትል እኔ ተኝቼ የነበርኩት ቀና አልኩ። አባቴ እንጨቱን አስቀመጠ። ጀልባዋ በጎኗ መንሳፈፍ ጀመረች።

«ደርሼ ነበር» አለ። «ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር። ፍትሐቱን ሰምቻለሁ። አፈሩ ሲመለስም ሰምቻለሁ። እግሬ አልገባም አለኝ፤ ሳየው እወድቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰው መውጣት ሲጀምር በሐዲዱ በኩል ዞሬ ገና እንደደረሰ ሰው መጣሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈሪ ነው ከምትይኝ ዘገየ ብትይኝ መረጥኩ።»

ሙሴ ካራቤት መዶሻውን አነሣና ጀርባውን ሰጥቶን ምስማር ይመታ ጀመር፤ ምንም ምስማር የማያስፈልግበት ቦታ ላይ። ጀልባዋ ደንገሉ ውስጥ ገብታ ቆመች። እናቴ ፊቷን ወደ ዳሩ አዞረች። እኔ ወርዳ በእግሯ የምትሄድ መሰለኝ።

«አጥሩ ጋ ብቻህን ነበርክ?» አለችው።

«ብቻዬን።»

«እኔም ያ ሁሉ ሰው ከብቦኝ ብቻዬን ነበርኩ» አለች። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ቂጣውን ቆረሰች፣ ወጡን ጨለፈች። «ና ብላ።»

አባቴ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ወጡ በእርግጥም ቀዝቅዞ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ጉሮሮዬ ሲከፈት ሥራ አልነበረኝም፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ትንሽ ከፋኝ።

ወሩ እስኪያልቅ ቡልቡላ ላይ ከረምን። ቡልጋ መሄዱ ሳይነሣ ቀረ። እናቴና አባቴ ከዚያ በኋላ አልተጣሉም ብል ውሸት ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል፣ ግን ፊት ለፊት። ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ እያለችው አረጁ። በኋላ ጣሊያን መጣ፤ ሙሴ ካራቤት ወደ ድሬዳዋ ሄደ፤ ጀልባዋን ማን አፍርሶ ለምን እንዳዋላት አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ከሴት ልጄ ጋር በአውቶቡስ ወደዚያ ወረድኩ። ከናዝሬት ጠዋት ተነሥተን ሳይረፍድ ዝዋይ ነበርን። አውቶቡሱ ቡልቡላ ድልድይ ላይ ጥቂት ሲቆም ወረድን። ውሃው ቀንሷል፤ ሴቶች መሃሉ ገብተው ልብስ ያጥባሉ፣ ከጉልበታቸው አያልፍም። እዚህ ጉማሬ ነበር ስል የሹፌሩ ረዳት ሳቀብኝ። ልጄ ወንዙን ወዲያና ወዲህ አየችና ወር ሙሉ እዚህ ምን ስትሠሩ ነበር አለችኝ። ነገሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አውቶቡሱ ግን ጥሩምባውን ነፋ፤ እሷም እጄን ይዛ መቻኮል ጀመረች።

«ምንም» አልኳት። «ውሃው ላይ ተቀምጠን ነበር።»