አሮጊቷ ቻይናዊት፣ ጎረቤታቸውና «ማይንድ» የምትባል ቃል

ባቡሩ አሜሪካ ባለው ሰፈራችን ማለፍ በጀመረ ሰሞን፣ ማውንት ቤከር የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የስልክ ካርድ፣ የሕፃን ዳይፐር፤ የሌለን ነገር ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ሒሳብ ትቀበላለች። እኔ ዕቃ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ፣ ከገባው ሰው ሁሉ ጋር አወራለሁ። አስተማሪ የሆንኩትም በዚህ ወሬኛነቴ ነው።

አንድ ቀን የሰፈሩ ላይብረሪ ሠራተኛ ምስር ልትገዛ መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ እንግሊዝኛ ለሚለማመዱ ሰዎች የወሬ ጠረጴዛ እንዳላቸውና አብሯቸው የሚያወራ ሰው እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ከዚያ «ዉድ ዩ ማይንድ ሄልፒንግ አስ?» አለችኝ። እኔ «ሄልፕ» የምትለዋን ብቻ ሰማሁና ደስ ብሎኝ «የስ! የስ!» አልኳት።

ፊቷ ቅጭም አለ። ይቅርታ ጠይቃኝ ምስሯን ይዛ ወጣች።

ባለቤቴ ከወንበሯ ተነሳች። «ምን አልካት?»

«እሺ ነዋ ያልኳት!»

«እሺ የተባለ ሰው እንዲህ ተኮራምቶ ይወጣል? ሩጥ!»

ፓርኪንጉ ላይ ደረስኩባት። ጉዳዩ ሲገባት መኪናዋን ተደግፋ ሳቀች። ለካ «ማይንድ» ለብቻው አእምሮ ማለት ይሁን እንጂ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ ቅር መሰኘት ነው። «ብታግዘን ቅር ይልሃል ወይ?» ብላኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ጥርሴን ገልጬ «አዎ! በጣም ቅር ይለኛል!» ብያታለሁ።

እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አስተማሪ ተብሎ የተቀመጠው።

ጠረጴዛዬን የሚከቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቻይናውያን ነበሩ። ከሁሉም የማልረሳቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ቤልቪው ከተማ ቢሮ የሚሠራ መሐንዲስ ልጃቸው አምጥቷቸው፣ የሱቃችን ጀርባ ያለው መንገድ ላይ አብረውት ይኖራሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። እንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖረውም እኔ በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማነጋግራቸው። እሳቸው «ቲቸር» ይሉኛል፤ አጠራራቸው ግን ጥፋት የሠራ ልጅ የሚጠሩ ነው የሚመስለው።

አንድ ቅዳሜ ተናደው መጡ። የጎረቤታቸው ትልቅ ሜፕል ዛፍ የጎመን መደባቸውን አጥልቶባቸዋል። ጎመኑ ቀጥኖ ቀጥኖ ክር ሆኗል። የሚያናድዳቸው ግን ዛፉ አልነበረም፣ ሰውየው ነው።

«በየጊዜው ይመጣል» አሉኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። «ዛፉን ልቁረጥ ወይ ይለኛል። እኔ የስ፣ የስ እላለሁ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አይቆርጥም! አሜሪካኖች ለምንድነው ጠይቀው የማያደርጉት?»

«ሲጠይቅዎት በትክክል ምን ብሎ ነው?»

አስታወሱ። «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ከት ዘ ትሪ?»

ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ጉሮሮዬን ጠርጌ ዋጥኩት። በዚያን ዕለት ሌላውን ትምህርት ሁሉ ትቼ ማይንድን ላስተምር ተነሳሁ። ወንበር ጎትቼ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት?» አልኳቸው። ጠረጴዛው በአንድ ድምፅ «የስ!» አለ። ወንበሩን ትቼ ቆምኩ። ደግሜ ጠየቅኩ፤ «የስ፣ ፕሊስ!» አሉና ወንበሩን ይገፉልኝ ጀመር። ቅር ብሏቸው እንዴት እቀመጣለሁ? እግሬ እስኪዝል ቆሜ አስተማርኩ። በስተመጨረሻ አሮጊቷ አዩኝ፣ ወንበሩን አዩት፣ «ኖ!» ብለው ጮኹ። ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ።

በሳምንቱ አሮጊቷ ሲመጡ ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

«ትምህርትህ ብላሽ ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምነው? አልመጡም ሰውየው?»

«መጣ። ስለ ዛፉ ጠየቀኝ። ኖ አልኩት። እንዲገባው ሦስቴ፣ ኖ! ኖ! ኖ! ሁለት እጁን ወደ ላይ አድርጎ ወደ ኋላው ሄደ።»

«ማይንድ ብለው ነው የጠየቁዎት?»

ለማስታወስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ኢዝ ኢት ኦኬ ኢፍ አይ ከት ዋን ብራንች?» አሉኝ። «አንድ ቅርንጫፍ ብቆርጥ ይሆናል ወይ?» ማለት ነው፤ የዚህኛው መልስ «የስ» ነበር።

ሰውየው ዛፉ ቀርቶ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ልቁረጥ ብለው ተስፋ በመቁረጥ ነበር የለመኗቸው። እንግዲህ ሌላ መፍትሔ የለም፣ ሽምግልና መሄድ ነው። ቻይንኛ አንድ ቃል የማላውቅ አስተርጓሚ ሆኜ ተከተልኳቸው።

ጎረቤትየው ኤቨረት ከተማ አውሮፕላን ሲገጣጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባርኔጣቸውን የማያወልቁ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። አሮጊቷን በሩ ላይ ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ከኋላቸው እኔን ሲያዩ ደግሞ ጠበቃ ያመጡባቸው መሰላቸው መሰለኝ፣ «ዛፉን አልነካሁም» አሉ ቀድመው።

«የመጣነውስ ስላልነኩት ነው» አልኳቸው።

ገና ሳይገባቸው የሆዳቸውን ዘረገፉት። ቅጠሉ በየዓመቱ የጣራቸውን አሸንዳ እየደፈነ አስቸግሯቸዋል። ግን እኚህን ሴት በጠየቋቸው ቁጥር፣ ሴትዮዋ በፈገግታ ሆነው፣ ቅር እንደሚላቸው ይነግሯቸዋል። ምናልባት በአገራቸው እንዲህ ያለ ዛፍ የተከበረ ይሆናል ብለው አሰቡ። ስለዚህ ዝናብ የጠፋ ጊዜ ውሃ አጠጡት። ለገና ደግሞ አሮጊቷን ደስ ይበላቸው ብለው ከግንዱ እስከ ጫፉ መብራት ጠመጠሙለት።

ይህን ቀስ አድርጌ፣ በእጄም በእግሬም ጭምር ለአሮጊቷ አስረዳሁ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «መብራቱን? ለእኔ ብሎ? መኝታ ቤቴ እየገባ እንቅልፍ የነሳኝን?»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «ሶ፣ እንዲቆረጥ ነው የሚፈልጉት?»

እኔም እንደ አገራችን ወግ አየር ወደ ውስጥ ስቤ «እህ!» አልኩ። አዎ ማለቴ ነው። ሽማግሌው ደንግጠው ክንዴን ያዙኝ። «አር ዩ ኦኬ? አስም አለብህ?» ብለው ውሃ ሊያመጡ ሮጡ። አሮጊቷ ደግሞ ጀርባዬን መደብደብ ጀመሩ። ውሃውን የጠጣሁት ላለማስቀየም ነው።

ነገሩ ሁሉ ሲጠራ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ሁለቱም ይሉኝታ ያዛቸው። አሮጊቷ አንድ ሰው ለእሳቸው ብሎ ውሃ ሲያጠጣ የኖረውን ዛፍ ማስቆረጥ ነውር ሆነባቸው። «አይቆረጥ!» አሉ። ሽማግሌው ደግሞ የሴትዮዋ ጎመን በእሳቸው ዛፍ እንደኮሰመነ ሲሰሙ ፊታቸው ቀልቶ «ዛሬውኑ ይቆረጣል!» አሉ። ይቆረጥ ሲሉ የነበሩት ይከላከላሉ፣ ውሃ ሲያጠጡ የነበሩት መጋዝ ይፈልጋሉ። ይሉኝታ የሐበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

መሐል ገብቼ ፈረድኩ፤ ዛፉ ይቆይ፣ በአሮጊቷ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች ይውረዱ። ሁለቱም አኩርፈው ተስማሙ።

ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሽማግሌው መሰላል ላይ ወጡ። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ያዘዙት ግን አሮጊቷ ናቸው። «ሞር!» ይላሉ ከታች፣ ደግሞ ወዲያው አዝነው «ኢናፍ፣ ኢናፍ!» ይላሉ። ሽማግሌው አንዴ እየቆረጡ፣ አንዴ እየተዉ፣ ሲጨርሱ ዛፉ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ምላጭ ያለቀበት ሰው መሰለ። የሚያልፍ ሁሉ ቆም ብሎ ያየው ነበር። አንዱማ መብረቅ መትቶት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ጎመኑ ግን ፀሐይ አገኘ። ከዚያ ወዲህ አሮጊቷ አንድ ከረጢት ለሽማግሌው፣ አንድ ከረጢት ለእኛ ማድረስ ጀመሩ። ግንዱ ነጭና ወፍራም፣ ቅጠሉ ለስላሳ የሆነ የቻይና ጎመን ነው። ባለቤቴ ያው በለመደችው መንገድ፣ ከሱቁ ጓዳ ባለችው ምድጃ ላይ ጥዳ፣ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እስኪርስ ድረስ ታበስለዋለች። ልጆቻችን ሳህኑን አይተው «ዳድ፣ ዋት ሃፕንድ ቱ ኢት?» አሉኝ፤ ምን አግኝቶት ነው ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን አሮጊቷ ከረጢታቸውን ይዘው ሲገቡ ሽታው ጓዳ ድረስ ወሰዳቸው። የድስቱን ክዳን አነሱና ጮኹ።

«ገደላችሁት! ይሄ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው!»

ባለቤቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀና አለች። «ማዘር፣ ይቅመሱትና ያኔ ይናገሩ።»

በእንጀራ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። መጉረስ አያውቁምና ግማሹ አገጫቸው ላይ ቀረ። አላመጡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ደግመው አላመጡ። ከዚያ በርጩማ ስበው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡና አፋቸውን ከፈቱላት።