ኮራሏና የፓምፑ ድምፅ

ወንድሜ ስትሮክ ከመታው በኋላ ከአልጋው የሚነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሎን ባለው አኳሪየም ውስጥ የምትኖረውን ኮራል፣ ያቺን የባሕር ፍጥረት፣ ለማየት። ምሳ ሲቀርብ «እዚሁ አምጡልኝ» ይላል። ፀሐይ ውጣና ሙቅ ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጠዋት ጠዋት ግን በቀኝ እጁ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ ይወጣና አኳሪየሙ ፊት ለፊት ይቀመጣል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ያቺ ነገር እንዳትሞት» አለችን። እየቀለደች አልነበረም።

ዕድሜውን የፈጀው መርከብ ላይ ነው። ጡረታ ወጥቶ አቃቂ በሰቃ ወዳለው የወላጆቻችን ቤት ሲመለስ፣ የባሕር ጨው በውሃ እየበጠበጠ አኳሪየም መሥራት ጀመረ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ አሮጌው መስታወት ተሰነጠቀና ዓሦቹ አለቁ። የተረፈችው መዳፍ የምታህል፣ እንጉዳይ የምትመስል አንዲት ለስላሳ ኮራል ናት። ሚስቱ ከጥቂት ድንጋዮች ጋር በባልዲ አቆየቻት። የመርከብ ጓደኞቹ አዲስ አኳሪየም አመጡለት፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ግን የድሮው ነው።

ኮራሏ አዲሱ ውሃ ውስጥ ስትገባ ተጨማደደች። በደህናው ጊዜ አናቷ ላይ እንደ ሣር ቡቃያ የሚወዛወዙ ጥቃቅን ክሮች ነበሯት፤ ሁሉንም ወደ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ላይዋ ሰም የተቀባ ይመስል ማብረቅረቅ ጀመረ።

እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እሑድ እሑድ ማለዳ፣ ጎረቤቱ ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ፣ በሚኒባስ መጥቼ ከምሳ በፊት እመለሳለሁ። ሥራዬ ሪፖርተርነት ስለሆነ ከመገመቴ በፊት ማጣራት ልማዴ ነው። የውሃውን ጨው ለካሁ፤ ልክ ነው። ሙቀቱ ልክ ነው። መብራቱ የድሮው መብራት ነው። ውጭ አገር ለሚኖር አንድ የመርከብ ጓደኛው ፎቶ ላክሁለት። «ቆዳዋን ልትጥል ነው» ሲል መለሰልኝ። «ቦታ ስትቀይር እንዲህ ታደርጋለች። ያን ስስ ሽፋን አጥቦ የሚያነሳላት የውሃው እንቅስቃሴ ነው። በእጅ አትንኳት፤ ውሃው ብቻ አይቁም።»

ውሃው መቼ ቆመ? እሑድ በመጣሁ ቁጥር ፓምፑ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል። ሽፋኑ ግን አልለቅ አለ። ይባስ ብሎ አረንጓዴ ሻጋታ የሚመስል ነገር ያዘው።

«እሺ ጋዜጠኛዋ፣ ምን አገኘሽ?» ይለኛል ወንድሜ በሚተሳሰር ምላሱ።

«ሁሉም ልክ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም ልክ ከሆነ ለምን ትሞታለች?»

አንድ ረቡዕ ቃሊቲ ስለ ከባድ መኪኖች መጨናነቅ ስዘግብ ውዬ ሥራው በጊዜ አለቀልኝና ሳልናገር ሄድኩ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ወንድሜ ጠዋት ከተቀመጠበት ወንበር ሳይነሳ ከእንግዶች ጋር ይጫወታል። በእኛ ሰፈር ታማሚ አንዴ ተጠይቆ አይቀርም። እስኪሻለው ድረስ ከሰዓት በኋላ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እየዞርኩ ሰላም ስል ቤቱ የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ። የፓምፑ ጩኸት የለም። ዞር ብዬ አኳሪየሙን አየሁት። ውሃው እንደ ፎቶ ቀጥ ብሏል፤ የፓምፑ ሶኬት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ወድቋል።

የወንድሜን ሚስት ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁ።

«እትዬ፣ ፓምፑን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ። እንግዳ ሲገባ እነቅለዋለሁ፣ ሲወጣ እሰካዋለሁ።»

«ከሰዓቱን ሙሉ?»

«እንግዳው መቼ ይወጣል!»

«ኮራሏን እኮ የሚገድላት ይሄ ነው።»

ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። «አንቺ እሑድ መጥተሽ ትሄጃለሽ። እሱ ሲናገር ‹እ? ምን አልክ?› ሲሉት ፊቱን አይተሽዋል? ያ ነገር እየጮኸ ድምፁ አይሰማም። ሁለቴ ‹እ?› ካሉት ዝም ይላል። ዝም ካለ ደግሞ ተነስቶ መኝታ ቤት ይገባል፤ በቃ፣ የዚያን ቀን አይወጣም።»

በሥራዬ ሁለቱም ወገን እውነት ሲኖረው የሁለቱንም ጽፌ ለአንባቢ እተወዋለሁ። እዚህ የምተውለት ሰው የለም። ፓምፑ ከሠራ ወንድሜ ዝም ይላል፤ ካልሠራ ኮራሏ ትሞትና ጠዋት የሚያስነሳው ነገር አይኖርም። ድምፅ የሌለው ፓምፕ ብፈልግ ያገኘሁት ለትንንሽ አኳሪየም የሚሆን ብቻ ነው። ከሥሩ ጎማ አነጠፍኩለት፤ ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

በመጨረሻ ለራሱ ለወንድሜ ነገርኩት።

«እንደምትነቅለው አውቃለሁ» አለ። «ውሃ ሲቆም ኮራሏ እንደምትታፈንም አውቃለሁ። ግን ከሰዓት ከሰዓት ሰው ሆኜ ስጫወት ደስ አለኝ።»

ኮራሏን ትኩር ብሎ ተመለከታት። ከዚያ ወደ ማድ ቤቱ ዞሮ «ከእንግዲህ አትንቀይው!» አለ። ሚስቱ አልሰማችውም። ሄጄ ነገርኳት።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። ፓምፑ እያጓራ እንግዶቹ ገቡ። አንዱ ጎረቤት «ሞተሩ ተነሳ! ጉዞው ወዴት ነው ካፒቴን?» አለ። ወንድሜ መለሰለት፤ የሰማው የለም። «እ?» አለ ሰውየው። ወንድሜ አጎነበሰ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ እጇ ወደ ሶኬቱ ሲሄድ አየኋት።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ከጥግ ተነሱ። «ወንበሬን እዚህ ጋ አስጠጉልኝ» አሉ። «እኔ ዕድሜዬን ማሽን መሃል ነው ያወራሁት። አፍ አፉን እያየሁ እሰማዋለሁ። በል ድገመው፣ ቀስ ብለህ።»

«ትኬት ለሌለው አልናገርም፣ ነው ያልኩት» አለ ወንድሜ።

ሴትዮዋ ጮክ ብለው ለሁሉም አስተላለፉት። ሳቁ የፓምፑን ድምፅ ዋጠው። ሌሎቹም ወንበራቸውን እየሳቡ ከበቡት።

ኮራሏ አዳነችው ብዬ አልጽፍም። ምላሱ አሁንም ይተሳሰራል፤ አንዳንድ ቀን ተናዶ ይገባል። ከኮራሏም አንዱ ጎን ጠቁሮ ቀርቷል። ሽፋኑ የለቀቀ ዕለት ግን እኔም ነበርኩ። ጫፉ እንደ ቀጭን ላስቲክ ተነሳ፤ ትንሽ ተውለበለበና ተገንጥሎ ከውሃው ጋር ሄደ። ሥሩ ያለው ገላ ንጹሕ ቡናማ ነበር። አንድ ጥግ ላይ ጥቂት ክሮች ብቅ ብለዋል።

«ለቀቀላት!» አለ ወንድሜ።

«ምን አለ?» አለ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው።

ወንድሜ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ተነሳ። ወደ ሰውየው ዞረና ደገመለት።