የመቶ አለቃው ፉጨት

መቶ አለቃ ታደሰ ወታደር ሆነው ያረጁ፣ ግን ከጠመንጃ ይልቅ ዜማ የሚወዱ ጎረቤታችን ነበሩ። ሲሞቱ ኡጋንዳ፣ ኦልድ ካምፓላ ሰፈር ባለው ቤታቸው ለቅሶ ተቀምጠናል። ድንገት ቦዳ የሚባሉት ሰው የሚያመላልሱ የኪራይ ሞተር ብስክሌቶች ግቢውን ሞሉት። ነጂዎቹ ወረዱና አንድ ላይ ማፏጨት ጀመሩ!

ለቅሶ ቤት ይፏጫል እንዴ? ትልቁ ልጃቸው ዱላ አንስቶ ወጣ። እጁን ለቀም አደረግኩት።

«የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ስናመጣ ሽማግሌው ያስተማሩን ነው» አለ አንዱ ነጂ በእንግሊዝኛ።

ልጁ ዱላውን አልጣለም። ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ነጠላቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ። ፉጨቱን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«አይ ይሄ ሰውዬ!» አሉ። «ለአንቺ ብቻ ያወጣሁት ዜማ ነው ብሎ አይደል እንዴ ያገባኝ!»