ከገመዱ ወዲያ የሚዘፍነው ሰው

የወንዛዬ ፍልውሃ በተዘጋ ጊዜ እኔ ከገመዱ ወዲህ ቀረሁ። ባሌ ከገመዱ ወዲያ ቀረ፤ እሷም ከእሱ ጋር። ሌላው ሰው ያንን ዘመን በጣሊያንና በተስቦው ያስታውሰዋል። እኔ የማስታውሰው በእሷ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጥርሴን ነክሻለሁ።

እሷ ፈት ነበረች። ከአንበሳሜ በኩል መጥታ እዚያው ፍልውሃው ዳር የቀረች፣ ለሴቶች ጀርባ የምታሽ፣ ለእንግዳ ገንፎ የምታገነፋ፣ ስትስቅ እማዶ የምትሰማ ሴት። ባሌም እዚያው ነበር ሥራው። ለሚመጣው ሰው የሣር ጎጆ ይሠራል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ እግሩ እንቢ ያለውን ሽማግሌ አዝሎ ውሃው ድረስ ያወርዳል። ዝምተኛ ነው። በሠርጋችን ቀን ሚዜዎቹ ቢጎተጉቱት፣ ቢለምኑት አንዲት ስንኝ አልወጣውም። እኔ የምናገረው ለሁለታችን ይበቃል ብዬ ተውሁት።

አዝመራ ሲሰበሰብ ከደብረ ታቦር፣ ከገሳይ፣ ከየደጋው ሰው ወደ ወንዛዬ ይጎርፍ ነበር። ወገቤን፣ ጉልበቴን ይበል እንጂ ግማሹ የሚመጣው ለጨዋታው ነው። ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ላይ መሰጣት፣ ገበጣ፣ ሐሜት፣ አመሻሽ ላይ ጭፈራ። በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ያረፈባትን ጎጆ እንደ ርስቱ ይቆጥራታል። ባሌ በየዓመቱ ከሥሯ አፍርሶ እንደ አዲስ የሚሠራትን ጎጆ "የኔ ጎጆ" ይላታል። ያ ሁሉ ሰው ባሌን ስሙን እየጠራ ሲፈልገው ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ስትጠራው ግን አልወድም። ስሙን ታሳጥረዋለች። እኔ እንኳ አሳጥሬው አላውቅም።

ያን ዓመት ለገብስ ውቂያ አባቴ ቤት ሄጄ ነበር። ቅቤና በሶዬን ተሸክሜ ስመለስ ወደ ፍልውሃው የሚያወርደው መንገድ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል፤ ባንዶች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። ከደብረ ታቦር በመኪና የወረደ የጣሊያን ሐኪም ከታጣቢዎቹ መካከል ተስቦ አግኝቶ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዳይወጣ አዟል።

"ባሌ ውስጥ ነው፤ ልግባ" አልሁት አንዱን ባንዳ።

"መግባቱን ግቢ። መውጣት ግን የለም።"

ልገባ ነበር። እግሬን አንስቼ ነበር። ባሌ ድምፄን ሰምቶ ከታች ብቅ አለና እጁን እያወናጨፈ ጮኸብኝ።

"እንዳትገቢ! ሰምተሻል? እዚያው ሁኝ!"

ከኋላው እሷ ቆማለች። የሱን ጋቢ ለብሳለች። እኔ የፈተልሁትን ጋቢ። ጫፉን እሳት የላሰበት ቦታ ሳይቀር ከዚያ ርቀት ይታየኝ ነበር፤ ወይም የታየኝ መስሎኛል።

"እሷ የለበሰችው የማነው?" አልሁት።

"እዚያው ሁኝ አልሁሽ!" አለና ዞሮ ወረደ።

ባንዳው ሳቀ። እኔም አልገባሁም። ሰው አትምጪብኝ ብሎ በፊቱ ሲመልሰኝ በግድ የምገባ ሴት አይደለሁም።

ወደ አባቴ ቤትም ግን አልተመለስሁም። ከጉማራ ወንዝ ወዲህ፣ ፍልውሃውን ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ፣ ለመታጠብ መጥተው ገመዱ የመለሳቸው ሰዎች ሰፍረው ነበር። እነሱ ዘንድ ተጠጋሁ። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያሉ ቁልቁል ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንድ የደብረ ታቦር ኩታ ነጋዴ ትዝ ይሉኛል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። አንዲት የገሳይ እመቤትም ነበሩ፤ ሁላችንም "እሜቴ" እንላቸዋለን። እሜቴ ውሃው የተዘጋው እሳቸውን ለማናደድ ይመስል በየማለዳው ሐኪሙን ሲረግሙ ያረፍዳሉ። "ባሌ ሲሞት እንኳ እዚህ ሳልመጣ አልቀረሁም!" ይላሉ። እኔ በሆዴ፣ የእርስዎ ባል ሞተ እንጂ ጋቢውን ለሌላ አላለበሰም፣ እል ነበር።

ስንቅ እየሠራን ለባንዶቹ እንሰጣለን፤ እነሱ ገመዱ ሥር ያስቀምጡታል፤ ከታች የሚመጣ ሰው ያነሣዋል። በቅቤ ያሸሁትን በሶ እንደምታካፍለው እያወቅሁ እልክ ነበር። አንዳንድ ቀን ጨው አበዛበታለሁ። ያን ቀን እሱም ጨው እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ይብላ።

ሬሳ በወጣ ቁጥር ሁላችንም እንነሣለን። ወንድ ከሆነ ቁመቱን በዓይኔ እለካለሁ። ሴት ከሆነች ሌላ ነገር አስባለሁ። ምን እንደማስብ መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ሐኪሙ ተስቦውን የሚያመላልሰው ቅማል ነው አለና ጎጆዎቹ ሁሉ እንዲቃጠሉ አዘዘ። ሐኪሙ ለበሽተኞቹ ካስተከላቸው ድንኳኖች በቀር ምንም አልቀረም። እሜቴ "ጎጆየ! ጎጆየን!" እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ ነጋዴውም ከበርኖሳቸው ውስጥ ፊታቸውን ደበቁ። እኔ የማየው ባሌን ነበር። በእጁ የሠራው ሁሉ ሲነድ ፈዝዞ ቆሟል። እሷ ቀስ ብላ መጥታ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱም እጇን አላነሣውም። እኔ ከጉብታው ላይ ሆኜ ሣር ነጨሁ።

የዘፈኑ ነገር የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ፀሐይ ወደ ጣና ስታዘቀዝቅ ከድንኳኖቹ በኩል አንድ ወንድ ብቻውን ይዘፍናል። ቃሉን ጉማራ ይውጠዋል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ዜማው ብቻ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ትንሽ ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ የባሰ ያምራል። ጉብታው ላይ ያለን ሁሉ የያዝነውን ትተን እንሰማለን። እሜቴ እርግማናቸውን ይተዋሉ።

"ወላሂ፣ የዚህ ሰው ልቡ ከሱ ጋር የለም" አሉ አንድ ምሽት ነጋዴው። "አንድ ሴት ዘንድ ሄዶበታል።"

"ምን ያለች ዕድለኛ ናት!" አልሁ።

ከልቤ ነው ያልሁት። ያችን የማላውቃትን ሴት ቀናሁባት። ባሏ ይሁን ውሽማዋ ያ ሁሉ ሕመም መሐል ተቀምጦ ይዘፍንላታል፤ የኔው ባል ደግሞ እንዳትገቢ ብሎ ይጮኽብኛል። የሚዘፈንላት ያችው ፈት ብትሆን ደግሞ ግልግል ነው፣ አልሁ። ዘፋኙ ቢወስዳት ባሌ ይተርፈኛል። በየምሽቱ ያ ሰው እንዲበረታ እጸልይለት ጀመር።

ገመዱ የተፈታው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። የተረፉት ተላጭተው፣ ልብሳቸው ተቀቅሎ ተሸብሽቦ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ባሌ ከስቶ አንገቱ እንደ ዶሮ አንገት ሆኗል። እሷም ራሷን ተላጭታለች፤ ያም ሆኖ ታምራለች፤ ይህ አናደደኝ። እሜቴ ማንንም ሳይስሙ "ያ የሚዘፍነው የታለ? ልየው!" ብለው ጮኹ።

እሷ ሳቀች። እኔን እያየች ነው የሳቀችው።

"የሷ ባል ነዋ!" አለቻቸው፤ ወደኔ መለስ ብላም "አላወቅሽውም እንዴ?"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ባሌ አንገቱን ደፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አብሬው የምተኛውን ሰው ድምፅ ሳላውቀው ቀርቼ እሷ ነገረችኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ "እጉብታው ላይ ሲሆኑ የታችኛው ድምፅ ይሰማል?" አለኝ።

"ምን ይሰማል! ጉማራ ነው የሚሰማው" አልሁት።

"እንዲያ" አለ።

በኋላ ዝፈንልኝ ብየዋለሁ፤ ተቆጥቼም ለምኜም። "አይ፣ እሱ ያኔ ነው" ይለኛል። ለማን ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። ከጠየቅሁት ይመልስልኛል፤ መዋሸት የማይችል ሰው ነበር። ወንዛዬ እንደገና ሲከፈት አዲስ ጎጆ ሠራ፤ የድሮዎቹ እንግዶች ተመለሱ፤ ዝፈንልን ብለው ወተወቱት፤ ለእነሱም እንቢ አለ። እሷና እሱ ሲተላለፉ ብዙም አይነጋገሩም። ያ ዝምታቸው ከሳቋ የባሰ ነበር። እኔ የሌለሁበት አንድ ወራት አላቸው፤ በር ዘግተው እንደያዙት ቤት ነው፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጁ ላይ ቆሜያለሁ።

ጣሊያን ሄደ፣ ልጆች ወለድን፣ አረጀን፣ ባሌ ዐረፈ። በሦስተኛው ቀን እሷ ዘንግ ተመርኩዛ ለቅሶ ደረሰች። አልቅሳ ስታበቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ከእንግዲህ ማን ይመልስልኛል ብዬ ጠየቅኋት።

"ያኔ በገመዱ ጊዜ፣ የሚዘፍነው ለማን ነበር?"

ትክ ብላ አየችኝ። "አታውቂም?"

"ባውቅ አንችን እጠይቃለሁ?"

"ላንች ነዋ!" አለችኝ። "ለኛ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ጉብታው አዙሮ። ድምፄን ከሰማች መትረፌን ታውቃለች ይላል። እኔን ተስቦው የጀመረኝ ያች የመጣሽ ቀን ነው፤ ብርድ ብርድ ቢለኝ ጋቢውን ደረበልኝ። እሱን ተጠቅልየ ከኋላው ቁጭ እላለሁ። አይ አንች! እኔስ ከተስቦው ይልቅ ቅናቱ ነው ያቃጠለኝ።"

ከሞተ ጀምሮ እንባዬ ደርቆ ነበር። ያን ጊዜ አለቀስሁ። ለቀስተኛው ሐዘኑ ገና የገባኝ መሰለው። እጇንም ያዝሁት፤ ያንኑ ትከሻው ላይ ያሳረፈችውን እጅ። ደስታም ነበረበት፤ አልዋሽም። ለአንድ አፍታ ሁሉንም ይቅር ያልኋት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ትዝ አለኝ።

"ቃሉ ምን ይል ነበር?" አልኋት። "ግጥሙ። እኛ ዘንድ አይሰማም ነበር እኮ።"

እጇን ከእጄ አወጣች። ዘንጓን ዳበሰች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ቤት እየመታ ነበር የሚንቀሳቀሰው።

"ረሳሁት እቴ" አለችኝ።

አልረሳችውም። እኔም ብሆን አልነግራትም ነበር።